ባክቴሪያዎች የሚላላኩባቸውን ኬሚካሎች በቤተ ሙከራ የመለየት ዘዴ

ብርሃን ማመንጨት፣ ቀለም ማምረት፣ የዕፅዋትን ሕብረ ሕዋስ የሚያሟሟ ኢንዛይም መልቀቅ፣ ተጣብቆ የሚኖርበትን ዝልግልግ ሽፋን መሥራትና እነዚህን የመሳሰሉ በርካታ የባክቴሪያ ተግባራት በጥቂት ሕዋሳት ብቻ ቢሞከሩ ጉልበት ከማባከን በቀር የሚያስገኙት ጥቅም ስለሌለ፣ የሚጀመሩት የሕዋሳቱ ቁጥር ከአንድ ወሰን ካለፈ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ የሚለቀው አነስተኛ ኬሚካል በአካባቢው ተጠራቅሞ በቂ መጠን ላይ ሲደርስ ተቀባይ ከሆነው ፕሮቲን ጋር ይጣመርና የሚፈለጉትን ጂኖች በመላው ማኅበር ውስጥ በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል። ኒልሰን፣ ፕላትና ሄስቲንግስ ብርሃን ሰጪ በሆኑ የባሕር ባክቴሪያዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ እውቀት መነሻ ሲሆን፣ ቪብሪዮ ፊሸሪ የሚጠቀምበት ኬሚካል አወቃቀር በ1981 ታውቋል፤ ሥርዓቱም «ኮረም ሴንሲንግ»፣ ማለትም ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን መገንዘብ የሚለውን ስም ያገኘው በ1994 ነው።

ግራም ኔጋቲቭ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች መካከል ብዙዎቹ የሚላላኩበት ኬሚካል አሲል ሆሞሰሪን ላክቶን ወይም በአጭሩ ኤኤችኤል ይባላል። ሞለኪውሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ከባክቴሪያ ባክቴሪያ የማይለወጥ ላክቶን የተባለ ቀለበት ሲሆን፣ ሌላው ርዝመቱ ከ4 እስከ 18 የካርቦን አቶም የሚደርስ የቅባት አሲድ ጭራ ነው። የጭራው ርዝመት ከ«ሲ» ቀጥሎ በሚጻፍ ቁጥር ይገለጻል፤ ሲ4 አጭሩ፣ ሲ12 ደግሞ ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። በጭራው ሦስተኛ ካርቦን ላይ ኦክስጅን ሲጨመርበት «3-ኦክሶ» የሚል ቅጥያ ይታከልበታል። ተቀባይ ፕሮቲኖች አንዱን መልእክት ከሌላው የሚለዩት በዚህ ጭራ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የሚገለጸው የአሠራር ቅደም ተከተል ሁሉ የሚያያዘው ከጭራው ርዝመትና ከቅጥያው ጋር ነው።

የዘዴው መሠረት አመልካች ባክቴሪያ ነው። አመልካች የሚባለው መልእክቱን ራሱ የማምረት ችሎታው በጂን ለውጥ የተወገደበት፣ ነገር ግን የሌላውን መልእክት ሲቀበል በዓይን የሚታይ ወይም በመሣሪያ የሚለካ ምላሽ የሚሰጥ ባክቴሪያ ነው። ከዋጋው ርካሽነትና ከሚጠይቀው መሣሪያ ጥቂትነት የተነሣ ለብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚመረጥ ቢሆንም፣ አመልካቹ የራሱ ምርጫ ያለው ሕያው ፍጡር መሆኑ ከቶ መዘንጋት የለበትም፤ ሳህኑ ላይ የሚታየው ቀለም የሚናገረው አመልካቹ ምን እንደተቀበለ እንጂ በናሙናው ውስጥ ምን ምን እንዳለ አይደለም። በዚህ መስክ ከሚወጡ የተሳሳቱ መደምደሚያዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ልዩነት ካለማጤን ነው።

አመልካቾችን መምረጥና ማዘጋጀት

ለጀማሪ ቤተ ሙከራ ሁለት አመልካቾች በቂ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ለአገልግሎት የበቃው ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሲየም ሲቪ026 ሲሆን፣ በተፈጥሮው ቫዮላሲን የተባለ ሐምራዊ ቀለም ከሚያመርት ባክቴሪያ የተገኘ ነው፤ መልእክት የሚሠራው ጂኑ ስለተቋረጠ ብቻውን ሲያድግ ነጣ ያለ ሆኖ ይቀራል፤ ከሲ4 እስከ ሲ8 ያሉ ኤኤችኤሎች ሲደርሱት ግን ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል። ሁለተኛው አግሮባክቴሪየም ቱሜፋሲየንስ ኤንቲኤል4 ነው፤ በውስጡ ፒዜድኤልአር4 የተባለ ፕላዝሚድ፣ ማለትም ከዋናው ክሮሞሶም ተለይቶ የሚኖር ክብ ዲኤንኤ ተሸክሟል። መልእክት ሲደርሰው ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ያመርታል፤ ይህ ኢንዛይም በማሳደጊያው ምግብ ውስጥ የተጨመረውን ኤክስ-ጋል የተባለ ቀለም አልባ ንጥረ ነገር ሰብሮ ሰማያዊ ያደርገዋል። ኤንቲኤል4 ከሲ4 በቀር አብዛኞቹን ኤኤችኤሎች የሚቀበል ሲሆን፣ ከሁሉ አብልጦ የሚነቃው በራሱ መልእክት በ3-ኦክሶ-ሲ8 ነው።

ሁለቱ ለምን አብረው እንደሚያስፈልጉ ፕሴውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በተባለው፣ በሆስፒታሎች ቁስልንና ሳንባን በመመረዝ በሚታወቀው ባክቴሪያ ማሳየት ይቻላል። ይህ ባክቴሪያ ሲ4 እና 3-ኦክሶ-ሲ12 የተባሉ ሁለት ኤኤችኤሎችን ያመርታል። ሲቪ026 የሚቀበለው የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን ኤንቲኤል4 የሚቀበለው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ በአንዱ አመልካች ብቻ የሠራ ተመራማሪ ባክቴሪያው አንድ ዓይነት መልእክት ብቻ እንዳለው ይደመድማል፤ የትኛውንም ቢመርጥ ግማሹን እውነት ያጣል።

አመልካቾቹ በጂን ምሕንድስና የተለወጡ ሕያዋን በመሆናቸው ከውጭ ከማስመጣት በፊት የአገሩን ሕግ ማሟላት ይገባል፤ በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የሚመራው በደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው ነው። ከሥራ በኋላም ሳህኑም ፈሳሹም በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በአውቶክሌቭ ሳይቀቀል ወደ ቆሻሻ አይጣልም።

ሲቪ026 ኤልቢ በተባለው የተለመደ የማሳደጊያ ምግብ ላይ ካናማይሲን ተጨምሮበት፣ ኤንቲኤል4 ደግሞ በአንድ ሚሊሊትር 30 ማይክሮግራም ጀንታማይሲን በተጨመረበት ምግብ ላይ ይራባሉ፤ ሁለቱም ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ያድጋሉ። አንቲባዮቲኮቹ የሚያስፈልጉት አመልካቹ የተሰጠውን የጂን ለውጥ እንዳይጥል ለመጠበቅ ነው። አመልካቹ ከተመርማሪው ባክቴሪያ ጋር በአንድ ሳህን ላይ በሚያድግበት ጊዜ ግን ተመርማሪው አንቲባዮቲኩን የማይቋቋም ከሆነ ስለሚሞት፣ ለፈተናው የሚያገለግለው ሳህን ያለ አንቲባዮቲክ ይዘጋጃል።

የጎን ለጎን ጭረት

የመጀመሪያው ፈተና ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ቀላል ሥራ ነው። አጋር በተባለ ማርጊያ በረጋ የኤልቢ ሳህን ላይ ተመርማሪው ባክቴሪያ በሉፕ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ይጫራል፤ ከእርሱ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ሲቪ026 ጎን ለጎን ይጫራል፤ ሳህኑ ተገልብጦ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ሁለቱን መስመሮች ትይዩ ከማድረግ ይልቅ በአንድ ጫፍ አቀራርቦ በሌላው ጫፍ ማራራቅ የተሻለ ነው፤ መልእክቱ በአጋሩ ውስጥ ሰርጾ የሚደርስ ከሆነ ሐምራዊው ቀለም በቅርቡ ጫፍ ደምቆ ወደ ሩቁ ጫፍ እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ቀለሙ በእርግጥ ከተመርማሪው በመጣ ነገር የተቀሰቀሰ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። መስመሩ ሁሉ እኩል ሐምራዊ ከሆነ በአመልካቹ ላይ ሌላ ባክቴሪያ ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል አመልካቹ እንደገና መፈተሽ አለበት። ቫዮላሲን ለመሠራት ኦክስጅን የሚፈልግ በመሆኑ ሳህኖቹን በፕላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል ውጤቱን ያደበዝዛል።

በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ማነጻጸሪያ ሳህኖች አብረው ይሠራሉ። በአንደኛው ሲቪ026 ብቻውን፣ በሁለተኛው ሲ6 አምራች መሆኑ ከሚታወቅ ባክቴሪያ ጋር፣ በሦስተኛው ደግሞ መልእክት እንደማያመርት ከተረጋገጠ ባክቴሪያ ጋር ይጫራል። በሁለተኛው ሳህን ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሲየም ኤቲሲሲ 31532 የተባለው፣ የሲቪ026 ወላጅ፣ ሲ6 ስለሚያመርት ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ ኤቲሲሲ 12472 የተባለው የዚያው ዝርያ ወገን ግን የሚያመርተው 3-ሃይድሮክሲ-ሲ10 ስለሆነ ሲቪ026ን አይቀሰቅስም። ሁለቱም በስም አንድ፣ በመልክም ሐምራዊ በመሆናቸው አንዱን በሌላው መተካት ምንም የማያሳስብ ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና ያልሠራ ማነጻጸሪያ ሙሉውን ዙር ከንቱ ያደርጋል።

በሳህኑ ላይ ቀለም አለመታየቱ አራት ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል፦ መልእክቱ አልተሠራ ይሆናል፤ ተሠርቶ መጠኑ አንሶ ይሆናል፤ አመልካቹ የማይቀበለው ዓይነት ይሆናል፤ ወይም ተመርማሪው የሚለቀው መርዝ አመልካቹን ጎድቶት ይሆናል። የመጨረሻው በፕሴውዶሞናስ ላይ ዘወትር የሚያጋጥም ነው፤ ፒዮሳያኒን የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ምርቱ የሌሎችን ባክቴሪያዎች እድገት ከመግታቱም በላይ ቀለሙ ራሱ ዓይንን ያሳስታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕያው ባክቴሪያዎችን ጎን ለጎን ከማሳደግ ይልቅ መልእክቱን ለብቻው አውጥቶ መፈተን ያስፈልጋል።

መልእክቱን ከፈሳሹ ማውጣት

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በመሣሪያ ማነስ ሳይሆን በፒኤች ነው። ፒኤች የአንድ ፈሳሽ አሲድነት ወይም ቤዝነት መለኪያ ሲሆን፣ የኤኤችኤል ቀለበት በቤዛማ ፈሳሽ ውስጥ ውሃ ገብቶበት ይከፈታል፤ ቀለበቱ የተከፈተ ሞለኪውል ደግሞ ለማንም አመልካች መልእክት መሆኑ ይቀራል። ፒኤች በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር የመከፈቱ ፍጥነት በግምት አሥር እጥፍ ይጨምራል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል፤ አጭር ጭራ ያላቸው ከረጅሞቹ ቀድመው ይጠፋሉ። በኤልቢ ውስጥ የሚያድግ ባክቴሪያ አሚኖ አሲዶችን እየበላ አሞኒያ ስለሚለቅ ፈሳሹ እድገቱ በሚቆምበት ሰዓት ፒኤቹ ከ8 በላይ ይወጣል፤ እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ አሳድጎ ጠዋት መልእክት መፈለግ፣ ባክቴሪያው የሠራውን ምግቡ ካፈረሰው በኋላ እንደ መድረስ ነው። መፍትሔው ምግቡን ፒኤቹን በሚጠብቅ ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ በ50 ሚሊሞላር ሞፕስ፣ ወደ 6.8 ወይም 7 አካባቢ ማጽናት ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የራሳቸውንም ሆነ የጎረቤታቸውን መልእክት የሚያፈርሱ ላክቶኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ስላሏቸው፣ ናሙናው በአንድ ሰዓት ብቻ ሳይሆን እድገቱ ፈጣን ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚቆምበት ድረስ በተለያዩ ሰዓቶች መወሰዱ ይመከራል።

ከ50 እስከ 100 ሚሊሊትር የሚሆነው ፈሳሽ በሴንትሪፊዩጅ ከተሽከረከረ በኋላ ሕዋሳቱ ከታች ሲቀሩ፣ ከላይ ያለው ፈሳሽ ቀዳዳው 0.22 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ ይጣራል። ከዚያም 0.1% አሴቲክ አሲድ የተጨመረበት እኩል መጠን ያለው ኢታይል አሲቴት በመለያ ፈነል ውስጥ ይጨመርበትና ለጥቂት ደቂቃዎች እየተናወጠ፣ በየመሐሉ ቧንቧው ተከፍቶ የታመቀው ተን እንዲወጣ ይደረጋል። ኢታይል አሲቴት ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ኤኤችኤሉም ወደ እርሱ ይዛወራል። ይህ ሥራ ከተደጋገመ በኋላ የተሰበሰበው ኢታይል አሲቴት ውሃ አልባ በሆነ ማግኒዥየም ሰልፌት ደርቆ፣ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት በሮታሪ ኢቫፖሬተር ይተናል። የሚቀረው ዝቃጭ ከመጀመሪያው ፈሳሽ መቶ እጥፍ ባነሰ አሴቶናይትራይል ይሟሟና በብርጭቆ ዕቃ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ረጃጅም ጭራ ያላቸው ኤኤችኤሎች በፕላስቲክ ግድግዳ ላይ ሊለጠፉ ስለሚችሉ ብርጭቆው ይመረጣል። ምንም ባክቴሪያ ያልተዘራበት ምግብም በዚሁ መንገድ ሁሉ ማለፍ አለበት፤ ይህ ማነጻጸሪያ የሌለው የቅመራ ውጤት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

የወጣው ቅምር የሚፈተነው በጉድጓድ ነው። ወደ 45 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ለስላሳ አጋር ከአመልካቹ ጋር ተቀላቅሎ በሳህኑ ላይ ይፈስሳል፤ ሲረጋ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቦረቦርበትና ቅምሩ ይጨመርበታል፤ በሌላ ጉድጓድ ደግሞ መሟሚያው ብቻውን ይደረጋል። ለኤንቲኤል4 በአንድ ሚሊሊትር 40 ማይክሮግራም ያህል ኤክስ-ጋል በአጋሩ ውስጥ ይጨመራል። ተመርማሪው ባክቴሪያ ሕያው ሆኖ በኤክስ-ጋል ሳህን ላይ የሚዘራ ከሆነ አስቀድሞ ያለ አመልካች መፈተን ያሻዋል፤ ላክቶስ የሚበሉ ባክቴሪያዎች የራሳቸው ቤታ ጋላክቶሲዴዝ ስላላቸው መልእክት ባይኖራቸውም ሳህኑን ሰማያዊ ያደርጉታልና።

ረጃጅም ጭራ ያላቸውን በሲቪ026 ማወቅ ካስፈለገ ፈተናው ይገለበጣል። ከሲ10 እስከ ሲ14 ያሉ ኤኤችኤሎች ይህን አመልካች ባይቀሰቅሱትም በተቀባዩ ላይ የሲ6ን ቦታ ስለሚሻሙ፣ አጋሩ ውስጥ ሳህኑን ሙሉ ሐምራዊ ለማድረግ የሚበቃ ትንሹ የሲ6 መጠን ይጨመርና ቅምሩ በጉድጓዱ ሲገባ በዙሪያው ነጭ ክብ ይፈጠር እንደሆነ ይታያል። ነጩ ክብ ውስጥ ባክቴሪያው አድጎ ደብዘዝ ያለ ከሆነ ቀለም ብቻ ተከልክሏል ማለት ነው፤ ክቡ ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ግን አመልካቹ ሞቷል፤ የታየውም መልእክት ሳይሆን አንቲባዮቲክ ነው።

የተገኘው ምላሽ በእርግጥ ከኤኤችኤል የመጣ መሆኑን የሚያጣራ ርካሽ ፈተናም አለ። የቅምሩ ግማሽ ፒኤቹ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከ8 በላይ ተደርጎ ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ በኋላ ወደ ገለልተኛነት ተመልሶ ይፈተናል፤ ምላሹ መጥፋት አለበት። ያው ናሙና ፒኤቹ ወደ 2 ወርዶ ሲቆይ ቀለበቱ መልሶ ስለሚዘጋ ምላሹ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከፕሴውዶሞናስና ከሌሎች ባክቴሪያዎች የወጡ ክብ ዳይፔፕታይዶች፣ ማለትም ሁለት አሚኖ አሲዶች በቀለበት የተያያዙባቸው ውሁዶች፣ በከፍተኛ መጠን ሲገኙ አመልካቾችን እንደሚያነቁ ከታወቀ ወዲህ ይህን ፈተና መዝለል ይቅር የሚባል አይደለም።

መልእክቶቹን መነጠል

ቅምሩ ውስጥ ስንት ዓይነት መልእክት እንዳለ ለማወቅ ቀጭን ንብር ክሮማቶግራፊ ከአመልካች ጋር ይጣመራል። ሲ18 በተባለ ቅባት መሰል ነገር የተለበጠ ሳህን ከግርጌው 2 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ጥቂት ማይክሮሊትር ቅምር ይንጠባጠብበታል፤ በጎኑ ማንነታቸው የታወቁ የኤኤችኤል ማነጻጸሪያዎች ይደረጋሉ፤ ሳህኑም 60 እጅ ሜታኖልና 40 እጅ ውሃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ይቆማል። ፈሳሹ ሽቅብ ሲወጣ አጭር ጭራ ያላቸውን አርቆ ይወስዳል፤ ሲ12 እና ከዚያ በላይ ያሉት ከተነሡበት እምብዛም ስለማይርቁ ለእነርሱ የሜታኖሉን ድርሻ ከፍ ማድረግ ይገባል። ሜታኖሉ በአየር መሳቢያ ሥር ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ፣ ኤንቲኤል4 እና ኤክስ-ጋል ያለበት ለስላሳ አጋር በስሱ ይፈስስበትና በእርጥብ ዝግ ሣጥን በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ያድራል። ጠዋት ሰማያዊ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ቅጥያ የሌላቸው ክብ ሲሆኑ 3-ኦክሶዎቹ እንደ እንባ ዘለላ ጭራ ይጎትታሉ፤ ይህ የቅርጽ ልዩነት ከማነጻጸሪያዎቹ ርቀት ጋር ተደምሮ ጥሩ ግምት ይሰጣል።

ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እኩል ርቀት የሚጓዙ ሁለት የተለያዩ ውሁዶች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ የነጠብጣቡም ስፋት የመልእክቱን መጠን ሳይሆን የአመልካቹን ምርጫ ሊያሳይ ይችላል፤ እፍኝ የማይሞላ 3-ኦክሶ-ሲ8 ከብዙ ሲ12 የበለጠ ሰፊ ሰማያዊ ይሰጣል። ስለዚህ ማንነትና መጠን የሚነገረው በፈሳሽ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ ጥምረት ነው። መሣሪያው ሞለኪውሉን ኤሌክትሪካዊ ሙል ሰጥቶ ከመዘነው በኋላ ይሰብረዋል፤ ኤኤችኤሎች ሁሉ ቀለበቱን የሚወክል፣ የግዝፈት ለሙል ጥምርታው 102 የሆነ ስባሪ ስለሚሰጡ ፍለጋው ቀላል ይሆናል። ሲ4 በ172፣ ሲ6 በ200፣ 3-ኦክሶ-ሲ12 በ298 ገብተው 102ን ሲሰጡ፣ የመውጫ ሰዓታቸውም ከማነጻጸሪያው ጋር ሲገጥም ማንነታቸው ተረጋገጠ ይባላል። መሣሪያው የሌለው ቤተ ሙከራ ቅምሩን ወዳለበት ተቋም መላክ ይችላል፤ የደረቀ ቅምር በቅዝቃዜ ሆኖ ጉዞውን ይቋቋማል።

ኤኤችኤል ያልሆኑ መልእክቶች

እስካሁን የተገለጸው ሁሉ ኤኤችኤል ለማያመርቱ ባክቴሪያዎች ዕውር ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን የመሳሰሉ ግራም ፖዘቲቮች የሚላላኩት በአጫጭር ፔፕታይዶች ነው። የዛንቶሞናስ ወገኖች በዋናነት የሚታወቁት ዲኤስኤፍ በተባለ የቅባት አሲድ መልእክት ነው፤ ስለዚህ በደቡብ ኢትዮጵያ እንሰትን የሚያጠፋውን የአጠውልግ በሽታ አምጪ ዛንቶሞናስ በሲቪ026 ፈትኖ ነጭ ሳህን ያየ ሰው ይህ ባክቴሪያ አይላላክም ብሎ መጻፍ አይገባውም። የድንች ለስላሳ ብስባሽን የሚያመጣው ፔክቶባክቴሪየም ግን 3-ኦክሶ-ሲ6 እና 3-ኦክሶ-ሲ8 አምራች በመሆኑ በሁለቱም አመልካቾች በቀላሉ ይታያል፤ ለመለማመጃም እጅግ የሚመች ነው።

ከብዙ ዝርያዎች የሚገኘው ኤአይ-2 የተባለው መልእክት የሚፈተነው ቪብሪዮ ሃርቬይ ቢቢ170 በተባለ ብርሃን ሰጪ አመልካች ነው። ሌሊቱን ያደገው አመልካች በአዲስ ምግብ 5,000 ጊዜ ይቀጥንና ከእርሱ 90 እጅ፣ ከተጣራው ናሙና 10 እጅ ይቀላቀላል፤ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ እየተናወጠ ብርሃኑ በየግማሽ ሰዓቱ ይለካል። ከቀደሙት ሁለቱ በተለየ ይህ አመልካች ራሱ ኤአይ-2 ስለሚያመርት ከሰዓታት በኋላ ያለ ናሙናም ማብራቱ አይቀርም፤ በመሆኑም የሚነበበው መልእክት አልባው ማነጻጸሪያ ዝቅተኛው ብርሃን ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ለዚህ ማነጻጸሪያ ኤአይ-2 የሚሠራው ጂኑ የተበላሸው ኢ. ኮላይ ዲኤች5-አልፋ ያገለግላል። በናሙናው ውስጥ የቀረ ግሉኮስ ብርሃኑን ስለሚያዛባ፣ ተመርማሪው ባክቴሪያ ያደገበት ምግብ ግሉኮስ ያለበት ከሆነ ባክቴሪያ ያልተዘራበት ያው ምግብ በማነጻጸሪያነት መግባት አለበት፤ ውጤቱም የሚጻፈው በብርሃን አሃድ ሳይሆን ከመልእክት አልባው ማነጻጸሪያ ስንት እጥፍ እንደሆነ በመግለጽ ነው።